እትዬ ጥሩነሽን ያስተማርኳቸው ቃል

ባለፈው ሳምንት ለፈተና የማዘጋጃት አንዲት ተማሪዬ ስልኳን ወደ እኔ አዞረችና፣ «ቲቸር፣ ይችን ቃል ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያስገቡልኝ። ትርጉሟን አግኝቻለሁ፤ አጠቃቀሟ ነው ያልገባኝ» አለችኝ። ቤቴ በረንዳ ላይ ነበርን፤ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። መነጽሬን አድርጌ አየሁ። ዴፑይ ትላለች። ፈረንሳይኛ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ምናምን ዓመት ሆኖኛል፤ ተማሪ ቃል ሲያመጣልኝ በላዩ ላይ ሦስት ዓረፍተ ነገር ሳልደረድርለት አልለቀውም። ይህንንም እንደ ጉራ ይዤዋለሁ። ያን ቀን ግን «እሷን ለሌላ ቀን እናቆያት» ብዬ ወደ ግሦቹ አለፍኩ። ልጅቷ ቃሏን የማላውቃት መስሏት ፈገግ አለች። ይምሰላት።

አውቃታለሁ። ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ በአንድ ነሐሴ፣ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ከእሷ ጋር ኖሬያለሁ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የማትሪክ ውጤቴ ከቤት ያላራቀኝ፣ ግን ራሴን ከሰፈሩ ሁሉ የተሻልኩ አድርጌ የማይ ልጅ ነበርኩ። ኤምባሲ ወይም ትልቅ ሆቴል እቀጠራለሁ ብዬ ሳንሱሲ የሚባል ሰፈር እየተመላለስኩ ከሙሴ ተፈራ ዘንድ ፈረንሳይኛ እማር ነበር። ሙሴ ተፈራ ዕድሜያቸውን ምድር ባቡር ሠርተው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ በፈረንሳይኛ «አቶ» እንደ ማለት የሆነውን ሙሴ የሚል ማዕረግ ማን እንደሰጣቸው አላውቅም፣ ሚስታቸውም ሙሴ ነበር የሚሏቸው። አንድ ሕግ ነበራቸው። «ቃል በተማርሽበት ቀን ሦስት ጊዜ ተጠቀሚበት። ካልተጠቀምሽበት ጥሎሽ ይሄዳል» ይላሉ። እኔም ሕጉን ስጠብቅ ሰፈሩን አሰለቸሁት። በግ ለሚጎትት ሰው ሳይቀር በፈረንሳይኛ እንደምን አደሩ እል ነበር። «የኛ ፈረንጅ መጣች» ይሉኝ ነበር ወያሎቹ፤ ደስ ይለኝ ነበር።

እትዬ ጥሩነሽ የአጥር ጎረቤታችን ናቸው። ባላቸው ቀድመው ስለሞቱ ሹራብ እየሠሩ ሁለት ልጆች አሳደጉ። አስቴር ጅማ አግብታ ትኖራለች፤ ታምራት ደግሞ የጭነት መኪና ሾፌር ሆኖ ጅቡቲ ይመላለስ ነበር። በመጣ ቁጥር ከቴምሩም ከሳሙናውም ለእኛ ቤት ያካፍላል። እትዬ ጥሩነሽና እኛ የምንሄደው አንድ ጸሎት ቤት ነው፤ ሁልጊዜ ከፊት በሁለተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ምስክርነት ያለው ሲባል ቀድመው የሚነሡትም እሳቸው ናቸው። እሳቸው ሲመሰክሩ ጎመን በዝናብ ዳነ ብለው ሊሆን ይችላል፣ ጠፍቶ የነበረ የሹራብ መርፌ ተገኘ ብለው ሊሆን ይችላል። እኛ ወጣቶቹ እንስቅ ነበር። ለማመስገን ትልቅ ነገር የማይጠብቁ ሰው ነበሩ።

በዚያ ነሐሴ ታምራት ጅቡቲ ውስጥ ትኩሳት ይዞት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ሳምንት ሆኖታል። ሞባይል የሚባል ነገር ስላልነበረ ወሬው የሚመጣው በጋሽ ከማል ስልክ ነው። ጋሽ ከማል አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ ዘይትና ስኳር የሚሸጡ፣ የሱቃቸውን ስልክ ለሰፈር ሁሉ የለቀቁ ሰው ናቸው።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጋሽ ከማል ራሳቸው እኛ ቤት ድረስ መጡ። ሱቃቸውን ለሰው ጥለው ሲመጡ ያን ቀን የመጀመሪያ ጊዜ ነው ያየኋቸው።

«ሶስና፣ ነይ ቶሎ። ስልኩ ላይ አንዲት ሴት አለች፤ ታምራት ታምራት ትላለች፣ ሌላው አልገባኝም።»

ጭቃውን እየዘለልኩ ተከተልኳቸው። ልቤን የሞላው ፍርሃት ነው ብል ውሸት ይሆናል፤ ደስታ ነበር። በእውነተኛ ስልክ፣ ከእውነተኛ ሰው ጋር ፈረንሳይኛ ልናገር ነው! ባንኮኒው ላይ ተደግፌ እጀታውን አነሣሁና በደንብ የተለማመድኩትን ሰላምታ አቀረብኩ። ሴትዮዋ የደከማት ትመስላለች። ቤተሰብ ነሽ ወይ አለችኝ፤ ጎረቤት ነኝ አልኳት። ከዚያ ታምራት ጠዋት ማረፉን ነገረችኝ። ያን ግሥ ሙሴ ተፈራ አስተምረውኝ ነበር፤ ግልጽ ሆኖ ገባኝ። ቀጥላ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፣ ደገመችው፣ ሠለሰችው። በጥያቄው ውስጥ የማላውቀው ቃል አንድ ብቻ ነበር። ዴፑይ። ነገ በዚህ ሰዓት መልሰሽ ደውይ ብዬ ዘጋሁ።

ጋሽ ከማል ፊቴን አይተው ሁሉን ተረዱ። ቆባቸውን አወለቁ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ በለሆሳስ። ከዚያ እጄን ይዘው፣ «ስሚኝ፣ ልጄ። ለማንም አትናገሪ። እናቱ እንዲህ በሱቅ በር አትሰማም። መርዶ ሥርዓት አለው» አሉኝ።

ያን ቀን ከሰዓት ጋሽ ከማል፣ እናቴና አንድ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ጓዳችን ውስጥ ተማከሩ። አስቴር ከጅማ ትጠራ፤ ሬሳው በመኪና ቅዳሜ ይገባል፤ እትዬ ጥሩነሽ ቅዳሜ ማለዳ፣ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ፣ የሚወዷቸው ሰዎች ከበዋቸው ይረዱ ተባለ። እስከዚያ ጠንቶበታል እየተባለ ቀስ በቀስ ይነገራቸዋል። እኔ የሆስፒታሉን ስልክ እንድመልስ ብቻ ታዘዝኩ።

ወደ ሳንሱሲ ሄድኩ። መንገዱ ሁሉ ጭቃ ነው፤ የበቆሎ ጥብስ የሚሸጡት ሴቶች ከሰላቸው እንዳይጠፋ ላስቲክ ይዘው ይታገላሉ። ሙሴ ተፈራ በሩን ሲከፍቱ ሰላም እንኳን ሳልላቸው ቃሉን ጠየቅኳቸው። መዝገበ ቃላቱን አላነሡም።

«ማን ሞተ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ተቀመጡና ጉልበታቸውን አሹ። «ሬሳ ማለት ነው» አሉ። «ግን ሬሳ የሚባልበት ሌላም ቃል አላቸው፤ እሱን ስለ ሰው ልጅ እንዳትናገሪው፣ ያ ለሐኪምና ለፖሊስ ነው። ዴፑይ የሚያከብር ሰው የሚለው ነው። ነፍስ ለብሳው የነበረውን አውልቃ ስትሄድ የሚቀረው ማለት ነው። ስለ ሟች ከቤተሰቡ ጋር የሚነጋገር ሰው ይህን ነው የሚጠቀም።» ሦስት ጊዜ ተጠቀሚበት አላሉኝም። እኔ ግን ታክሲ ውስጥ በልቤ ስለው መጣሁ። አፌ ላይ ሲመች ታወቀኝ፤ እንዲህ ማሰቤ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ረቡዕ በቀጠሮው ሰዓት ስልኩ ጮኸ። ሴትዮዋን ሬሳው ወደ አዲስ አበባ እንዲላክ እንደምንፈልግ፣ ወረቀቱን ታምራት የሚነዳው መኪና ባለቤት ወኪል እንደሚጨርስ ነገርኳት። ቃሏን በትክክል አስገባኋት፤ ሴትዮዋም በአክብሮት መለሰችልኝ። ሦስተኛ ጊዜ ቃሏን ስጠራ የጋሽ ከማል ዓይን ከኋላዬ ያለ ነገር ላይ ተተከለ። ዞር አልኩ። እትዬ ጥሩነሽ ነጠላቸው በዝናብ ርሶ፣ የዘይት ጠርሙስ በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

«የታምራቴን ስም ሰማሁ» አሉ። «ሆስፒታሉ ነው አይደል?»

እጀታውን አስቀመጥኩ። «አዎ፣ እትዬ።»

«ዴፑይ ዴፑይ ትያለሽ። ምንድነው እሱ? ክፉ ነገር ነው?»

እዚህ ላይ ማለት የነበረብኝን ከዚያ ወዲህ ስንት ሺህ ጊዜ ብዬዋለሁ። «ከበድ ብሎታል፣ ይጸልዩለት» ብል ይበቃ ነበር። ወይም «አልገባኝም» ብል። ጋሽ ከማልም አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አይቻለሁ። ግን እትዬ ጥሩነሽ እንደዚያ ሆነው ሲያዩኝ አንጀቴ አልቻለም፤ ደግሞም አዋቂ ሆኜ መታየት ለምዶብኛል።

«ማገገም ማለት ነው» አልኩ። «እያገገመ ነው ይላሉ።»

እትዬ ጥሩነሽ ጠርሙሱን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው ሁለት እጃቸውን አነሡ። «ጌታዬ! ጌታዬ ተመስገን!» ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «እስቲ በይልኝ። ዴፖ…»

«ዴ-ፑይ።»

«ደፉይ።»

«አይ፣ እትዬ። ዴ። ፑይ።»

እስኪያስተካክሉ ድረስ አስደገምኳቸው። አራት ጊዜ። ሲይዙት ጉንጬን ሳሙኝና ዘይታቸውን ሳያስቀዱ ሄዱ። ጋሽ ከማል ጠርሙሱን አንሥተው መደርደሪያ ላይ አኖሩት።

«ምነው ሶስና» አሉኝ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። «ሰው ለመርዶ የሚዘጋጀው ክፉ ክፉውን እየሰማ ነው። አንቺ ደጉን አሰማሻቸው። አሁን ከየት አንሥተን ነው የምናወርዳቸው?»

በዚያው ዕለት አመሻሽ የረቡዕ ፕሮግራም ነበር። ጸሎት ቤታችን ያኔ ግድግዳውም ጣራውም ቆርቆሮ ስለነበር ዝናቡ ሲወርድ ሰባኪው እየጮኸ ነው የሚናገረው። ምስክርነት ያለው ሲባል እትዬ ጥሩነሽ ተነሡ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ብወጣ ደስ ይለኝ ነበር፤ እናቴ ግን ቀሚሴን ይዛኛለች። እትዬ ጥሩነሽ ልጃቸው በሰው አገር መታመሙን፣ ስንት ሌሊት መጸለያቸውን ተናገሩ። «ዛሬ ከሆስፒታሉ ተደወለ። ሶስናዬ በጆሮዬ እየሰማሁ አነጋገረቻቸው። ልጄ ዴፑይ ሆኗል!» አሉ ዝናቡን በሚያሸንፍ ድምፅ። «ዴፑይ ማለት በእነሱ ቋንቋ አገገመ ማለት ነው። ሃሌሉያ!»

አዳራሹ እልል አለ። ጓዳችን ውስጥ የተማከሩት ሽማግሌ ከመድረኩ ጎን ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገልጠው ነበር፤ ራሳቸውን ቀና አላደረጉም።

ሐሙስ ቃሉ ሰፈር ውስጥ ገባ። ከሰፈሩ እውነቱን የምናውቀው አራት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ ሌላው ሰው ሁሉ የሰማውን ደስታ ይደግማል። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ አንዷ ሌላዋን «ታምራት ዴፑይ ሆነ አሉ፣ እሰይ» ስትል ሰማሁ። የአንዷ ባል ከጉንፋኑ እንደተሻለው ለማሳወቅ «እኔም ዴፑይ ነኝ» ብሎ አሳቀ። ቤት ገብቼ አልጋ ላይ ተጠቀለልኩ።

እናቴ በዚያ ቀን ሥርዓቱን ልትመልስ ሞከረች። አጥር ተሻግራ ሄዳ፣ «ሰዎች ጠንቶበታል ይላሉ፣ ጥሩዬ። ልብሽን አደላድይው» አለቻቸው። እትዬ ጥሩነሽ ሳቁባት አሉ።

«ወሬ ነው፣ እህቴ። ያንቺው ልጅ በፈረንሳይኛ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራ፣ እኔ ቆሜ ሰምቼ! የሾፌር ወሬ ሰምቼ የጌታን ሥራ ልካድ?»

በአጥሩ በኩል የገብስ ቆሎ ሽታ መጣ። እትዬ ጥሩነሽ ገብስ እየቆሉ ነበር፤ ለታምራት ጭኮ ሊሠሩለት ነው። የታመመ ሰው ጉልበት የሚያገኘው በጭኮ ነው ይላሉ፤ የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ፣ በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ፣ ወር ቢቀመጥ የማይበላሽ። ቅቤው ሲነጠር የኮሰረቱ ሽታ እስከ ማታ አልለቀቀንም። ማንም ሄዶ «ይቅርብዎ፣ አይሥሩ» ሊላቸው አልቻለም። ምን ተብሎ?

ዓርብ ከሰዓት የመኪናው ባለቤት ወኪል ከታሰበው ቀድሞ በአውሮፕላን መጣና በታክሲ ጋሽ ከማል ሱቅ ደረሰ። ረጅም፣ ሸበቶ ጅቡቲያዊ ነው፤ አማርኛ አያውቅም። ተጠርቼ ሄድኩ። ሬሳው ከታምራት ጓደኞች ጋር መንገድ ላይ እንደሆነ፣ ሲነጋጋ እንደሚገባ ነገረኝ። አስቴርም ማታ ከጅማ ትገባለች። አንድ ሌሊት ነው የቀረን፣ አልኩ ለራሴ። አንድ ሌሊት ብቻ ያለፈ እንደሆነ፣ ሁሉም እንደ ሥርዓቱ ይሆናል። ጋሽ ከማልም እንግዳውን ከዚህ ዞር ለማድረግ ቤርጎ ውስጥ ማደሪያ የሚይዝለት ሰው ልከው ነበር።

የተላከው ሰው ሳይመለስ ግን ነገሩ ቀደመን። እትዬ ጥሩነሽ ጭኮውን የያዘ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ በነጠላቸው ሸፍነው ታቅፈው ገቡ።

«የጅቡቲ እንግዳ መጣ አሉኝ!» አሉ እየሣቁ። «ዳቦ ቤት ነው የነገሩኝ። ይህችን ለታምራቴ ያድርስልኝ።»

«እንግዳው ደክሞታል፣ እህቴ» አሉ ጋሽ ከማል ከባንኮኒው ኋላ እየወጡ። «ነገ ያገኙታል…»

እትዬ ጥሩነሽ አልሰሟቸውም። እንግዳው ፊት ቆመው ቆርቆሮውን ዘረጉለትና፣ በደረታቸው ላይ ጣታቸውን አሳርፈው «የታምራት እናት» አሉ። ከዚያ እኔ እንዳስተማርኳቸው፣ ቀስ ብለው፣ አንድም ሳያበላሹ፣ «ታምራት… ዴፑይ» አሉት።

ሰውየው ከመቀመጫው ተነሣ። በፈገግታቸው ትንሽ ግራ እንደተጋባ አየሁ። ግን ቃሉን ጠርተውለታል፤ ያን ቃል ሞቱን ያላወቀች እናት አትጠራውም ብሎ ከማሰብ ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል? ራሱን ዝቅ አደረገ። እጁን ልቡ ላይ አድርጎ፣ «ዊ፣ ማማን»፣ አዎ እናቴ፣ አለ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። ከኮቱ ኪስ አንድ ፖስታ አወጣና በሁለት እጁ ሰጣቸው። ከፖስታው ውስጥ የታምራት የእጅ ሰዓት ወጣ።

ውጭ ወያሎቹ «መርካቶ መርካቶ» ይጮኻሉ። እትዬ ጥሩነሽ ሰዓቱን አዩ፣ ሰውየውን አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሶስና፣ ምን አለኝ?»

ወደ ጋሽ ከማል ዞርኩ።

«እያገገመ ነው አይደል ያለኝ? በይኝ እንጂ።»

«እትዬ…» አልኩ። ማልቀስ ጀመርኩ፤ መርዶውን የነገራቸው ለቅሶዬ ሆነ።

ቆርቆሮውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። ቀስ ብለው ነው ያስቀመጡት፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው። ለጋሽ ከማል፣ «መቼ ነው?» አሏቸው።

«ማክሰኞ ጠዋት፣ እህቴ» አሉ ጋሽ ከማል። እሳቸውም ያለቅሱ ነበር።

«ማክሰኞ» አሉ እትዬ ጥሩነሽ። ጣታቸውን አጥፈው ቆጠሩ። «እኔ እኮ ረቡዕ ቆሜ አመስግኛለሁ።»

ከዚያ ጮኹ። ያንን ድምፅ አልጽፈውም።

ቅዳሜ ማለዳ እንደ ቀጠሮው ሰዎች መጡ፤ ሽማግሌዎቹ ነጭ ለብሰው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። የሚረዱት ሰው ግን አልነበረም፤ እትዬ ጥሩነሽ በደረታቸው ሰዓቱን ይዘው መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። በሱቅ በር፣ በዘይትና በነጭ ጋዝ መሃል፣ ከማያውቁት ሰው አንደበት ሰምተዋል። ሰዎቹ አራት ቀን ምስጢር የጠበቁት ይህ ብቻ እንዳይሆን ነበር። ማን አስተማራቸው ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሁሉም ያውቅ ነበር። እሳቸውም አንድ ቀን እንኳን አልወቀሱኝም። ዓመት ሳይሞላ ለእኔ ሹራብ ሠርተው ሰጡኝ፤ ስለብሰው ያንገበግበኝ ነበር።

አሁን እትዬ ጥሩነሽ ሰማንያ አልፏቸዋል። ጸሎት ቤቱ በብሎኬት ተሠርቷል፤ ዝናብ ቢዘንብም ሰው ሲናገር ይሰማል። ረቡዕ ረቡዕ እጃቸውን ይዤ የምወስዳቸው እኔ ነኝ። አሁንም ከፊት በሁለተኛው ወንበር ነው የሚቀመጡት፣ ይዘምራሉ፣ ይጸልያሉ። ምስክርነት ያለው ሲባል ግን ከዚያ ረቡዕ ወዲህ ተነሥተው አያውቁም። አስቴር ጭንቅ ከሆነ ምጥ በሰላም ስትወጣ አልተነሡም፤ የልጅ ልጃቸው ስትመረቅም አልተነሡም።

ባለፈው ፋሲካ አስቴር ከከባድ ቀዶ ሕክምና ድና፣ በእግሯ እየሄደች፣ አጠገባቸው መጥታ ተቀመጠች። ምስክርነት ተጠየቀ። ልቤ አልችል አለና ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ፣ «እትዬ፣ አይመሰክሩም?» አልኳቸው።

እጄን ዳሰስ አደረጉኝ። «ልቤ ያመሰግናል፣ ልጄ» አሉኝ። «አፌ ነው የፈራው።»

በቁጣ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። አጠገባቸው ተቀምጬ ሌላው ሰው እየተነሣ ሲመሰክር ሰማሁ፤ አንዱ ሥራ አግኝቷል፣ አንዷ ልጇ ከመንገድ በሰላም ገብቶላታል። የታምራትን ሞት ያመጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ይህን አውቃለሁ፣ ሰዎችም ብለውኛል። ያንን አፍ ግን፣ ለሹራብ መርፌ እንኳን ያመሰግን የነበረውን አፍ፣ ዴ፣ ፑይ፣ እያልኩ ያስፈራሁት እኔ ነኝ።